ቤት በክረምት ይታያል

ጥር 12

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዬ በጤና፣ የስፌት መኪናዎም ሳይበላሽ፣ መርፌዎም ሳይሰበር ታግኝዎ። እኛ ደህና ነን። ልጄ ፍንጭቷ ግን ደህና አይደለችም፤ ስለዚህ ደህና ነን ማለቴን ይተዉት። ዙሪያ ጥምጥም እንደማይወዱ ስለማውቅ በቀጥታ ልግባ።

ባለቤቴ እርስዎ ባሉበት ከተማ፣ ኮሌጁ ውስጥ፣ ቅየሳ እንዲያስተምር ተጠይቋል። ሥራው በመስከረም ይጀምራል፤ መልስ የሚፈልጉት ግን እስከ መጋቢት መጨረሻ ነው። ዕድሜውን በሰው መሬት ላይ ሜትር ሲጎትት የኖረ ሰው ስለሆነ አሁን ሰሌዳ ፊት መቆም አምሮታል። ራት ላይ ሳይቀር በሹካ ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ማዕዘን እየሠራ ያስረዳናል።

እኔን የያዘኝ የልጅቷ ደረት ነው። ቤታችን ከድንጋይ ወፍጮው ማዶ መሆኑን ያውቃሉ። ጠዋት የወለወልኩት ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በኋላ በጣት ስም ይጻፍበታል። በዚህ ዓመት አስሙ ሲነሳባት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል አድራለች። ሐኪሙ «አየር ለውጡላት» አለ። «ወዴት እንውሰዳት?» ብለው «አቧራም እርጥበትም ወደሌለበት» አለኝ። እንዲህ ያለ አገር የት እንደሚገኝ ግን አላዘዘልኝም። መድኃኒት ቤት ቆሜ ለሰው ሁሉ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» የምል ሴት ለራሴ ልጅ የምለው ጠፍቶኛል።

እርስዎ እዚያ ሠላሳ ዓመት ለተመራቂዎች ጋውን ሰፍተዋል፤ ከተማውን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀው የለም። አየሩ እንዴት ነው፣ ዝናቡ ስንት ወር ይዘንባል፣ ጭጋግ አለ ወይ፣ ውሃስ ይመጣል፣ ተማሪዎቹ ይረብሻሉ፣ ትምህርት ቤቱስ ለልጅ ይቀርባል ወይ? ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁና በጽሑፍ ይመልሱልኝ፤ ብቻ ቶሎ።

የእርስዎው ቁንጥንጥ


ጥር 29

ለልጄ ለቁንጥንጧ፣

ለላክሽልኝ ሰላምታ ሰላም ይመለስልሽ፤ ለልጅቷም ምሕረት ይውረድላት። በስልክ አለመጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። ስልክ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል እንጂ አያወራኝም።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስድስት ጥያቄ አጭቀሻል። እኛ ስንማር አንድ ጥያቄ አንድ መስመር ነበረው፤ ያላከበረ ተንበርክኮ ይጽፍ ነበር። እኔ በየተራ እመልሳለሁ።

ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ሲያሻው ጥቅምትን ይመርቃል። ጭጋግ አለ። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ከወንዙ ተነስቶ መንገዱን ሞልቶት ነው የማገኘው። ኮሌጁ ያለበት ዳገት ደግሞ እስከ ረፋድ ጭራሽ አይታይም፤ ሁልጊዜ ጭጋግ እንደለበሰ ነው። እኔ ታች ሆኜ እንዲህ ከሆንኩ ላይ ያሉት እንዴት እንደሚሆኑ አስቢው። እርጥበቱን በቁጥር ልነግርሽ አልችልም፤ በጨርቅ ግን እነግርሻለሁ። ባለፈው ክረምት ሰፍቼ ካስቀመጥኳቸው ጥቁር ጋውኖች ውስጥ አንገትጌው ላይ ነጭ ሻጋታ ያላወጣ አልነበረም። አንድ በአንድ በኮምጣጤ ጠርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ፀሐይ ስልሽ፣ ያገኘኋትን ያህል።

ውሃ ይመጣል፤ በዚህ አናማርርም። ተማሪዎቹ ይረብሻሉ። ሲገቡ የቤት ኪራይ ይወጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ለዕረፍት ሲሄዱ ዳቦ ቤቱ ሳይቀር እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ከተማው ወይ ጠግቦ ወይ ተርቦ ነው፤ መሀሉን አያውቅም። ትምህርት ቤት አለ፤ የዳይሬክተሯን ጋውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ትከሻዋ ቀጥ ያለ ነው።

እውነቱን ጠየቅሽኝ። ደረቷ የሚታመም ልጅ ያላት እናት ወደዚህ እንድትመጣ አልመክርም። ቀያሹንም ሹካውን እንዲበላበት ንገሪው።

አክስትሽ


የካቲት 14

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቃልዎ ሳይጣፍጥ እውነት ነውና ስለ እውነቱ አመሰግናለሁ።

መልስዎን ለባለቤቴ አነበብኩለት። «አክስትሽ ከተማውን እንደ ጋውን ገልብጠው ስፌቱን አሳዩን» አለ። ከዚያ ሹካውን አስቀመጠ።

«ከድንጋይ አቧራና ከሻጋታ የቱ ይሻላል?» ይለኛል።

«ምርጫው ይህ ብቻ ነው?»

«ሌላ ካለሽ አምጪው።»

«እናቴ ዘንድ ለጊዜው...»

«እናትሽ ዘንድ አምስት ድመት አለ። ልጅቷን ልትገድያት ነው?»

ፍንጭቷ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ስትሰማን ኖሮ «የትም አትውሰዱኝ፤ መስኮቱን ብቻ ዝጉት» አለች። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር።

እርስዎ ባወጡልኝ ስም ልክ ሆኛለሁ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። የልጅቷን አልጋ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ተመልሼ ወደ መኝታ ቤት አዛወርኩት። ባለቤቴ «ያልሞከርሽው ጣሪያውን ነው» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ሕመሙ ተነስቶባት ከመድኃኒት ቤቱ ነጭ ካፖርቴን ሳላወልቅ ሮጬ ሄድኩ። በመንገድ ላይ አንዷ ደንበኛዬ «የእኔን ሽሮፕስ?» እያለች ተከተለችኝ።

ከወንዙ ራቅ ያለ ሰፈር የለም? ሌላም ልጠይቅ፤ አይቆጡኝ። እንዳንመጣ ይፈልጋሉ? እርስዎ ላይ ልንወድቅብዎ መስሎዎት ከሆነ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሆድ ለሆድ እንድንነጋገር ብዬ ነው።

ቁንጥንጥዎ


መጋቢት 9

ለልጄ፣

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። የዘገየሁት ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው።

እንዳትመጡ እፈልግ እንደሆነ ጠይቀሻል። ይህ የአየር ጥያቄ አይደለም፤ ስለዚህ አልመልሰውም። ከወንዙ የራቀ ሰፈር ላልሽው፣ የራቀው ዳገቱ ነው። ስለ ዳገቱ ነግሬሻለሁ። ጠዋት ጠዋት ከመስኮቴ አየዋለሁ፤ አይታይም።

ከጎኔ ተከራይተው የነበሩት ባልና ሚስት ለቀው ሄዱ። ቤቱ ቀዘቀዘብን አሉ። በራቸው ተቆልፏል። ዝምታ ለስፌት ይመቻል።

የልጅቷን አልጋ ማዘዋወሩን ተይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አንድ ቦታ አስቀምጪውና ግድግዳውን አጥቢ።

አክስትሽ


መጋቢት 19

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለምክርዎ ዕድሜ ይስጥልን። እንቢ ልንል ወስነናል። ባለቤቴ ለኮሌጁ የሚልከውን ደብዳቤ ትናንት ጽፎ ጨርሷል፤ ሰኞ ፖስታ ቤት ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ በሹካም በማንኪያም ምንም አላስረዳንም። ዝም ብሎ ይበላል። ይህ ዝምታ ለስፌት ይመች እንደሆነ እንጂ ለትዳር አይመችም።

ትክክል አድርገናል እላለሁ፤ ከዚያ የወፍጮው ሞተር ይነሳል፤ ከዚያ ልጅቷ መሳል ትጀምራለች፤ ከዚያ ትክክል አላደረግንም እላለሁ።

አሁን እንደ መድኃኒት ቤት ሴት ልጠይቅዎ። ጉንፋን ያሉት ከመቼ ጀምሮ ነው? አምና የጻፉልኝ ላይም «ትንሽ ጉንፋን» ይላል። ደግሞ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ በማስመሪያ የተሰመረ ነበር፤ የመጨረሻው ደብዳቤዎ ላይ መስመሩ መሀል መሀሉ ላይ ይሰበራል። እየሳሉ ነው የጻፉት። በየተራ ይመልሱልኝ፤ ይኸው ጥያቄዬን ለያይቼ ነው የጻፍኩት።

ቁንጥንጥዎ


መጋቢት 24

ልጄ፣ ሰላምታዬን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ። የባልሽ ደብዳቤ እንዳይላክ። ከተላከም ተከታትሎ ይመልሰው። ይህን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ፤ የኮሌጁ መጻሕፍት ቤት ኃላፊም መድኃኒት ቤትሽ ደውላ እንድትነግርልኝ ለምኛታለሁ።

የሆነውን ልንገርሽ። ይህችው ሴት አምና ሰኔ ለወንድሟ ልጅ ጋውን አሰፍታ ነበር። ልጁ አንድ ትምህርት ወድቆ ሳይመረቅ ቀረ፤ ጋውኑም ክረምቱን እሷ ቁም ሣጥን ውስጥ ከረመ። ትናንት ልጁ ወፍሯልና ወገቡን ያስፉልኝ ብላ አመጣችው። አንገትጌውን ገለጥኩ። ከዚያው ጣቃ የተቆረጠ ጨርቅ ነው፣ በዚያው ሳምንት የሰፋሁት።

«በምን ጠረግሽው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሻጋታውን ነዋ።»

«የምን ሻጋታ እትዬ?»

«ቤትሽ የት ነው?»

«ዳገቱ ላይ ነው፣ አዲሶቹ ቤቶች ውስጥ።»

«ዳገቱ ጭጋግ አይደለም ወይ?»

ሳቀችብኝ። «እኛማ ጠዋት ፀሐይ ላይ ቆመን እናንተን ነው የምናየው። የምናየውም ጭጋግ ብቻ ነው። ‹እነ ታችኛው ሰፈር ዛሬም ወተት ውስጥ ገብተዋል› እንላለን።»

ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ዳገቱን አልወጣሁም፤ ያኔም ከኮሌጁ በቀር ድንጋይ እንጂ ቤት አልነበረበትም። ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ተከራይቼ ወጣሁ። ያገኘሁትን በር ሁሉ አንኳኳሁ። ግድግዳ በመዳፌ እየዳሰስኩ፣ ቁም ሣጥን እያስከፈትኩ አሸተትኩ። አንዱ ከማዘጋጃ ቤት የመጣሁ መስሎት ደረሰኙን ሊያሳየኝ ሮጠ። ግድግዳው ደረቅ ነው። ቁልቁል ሳይ የእኔ ቤት የለም፤ ወተት ውስጥ ነው።

ጭጋጉ ያለው በእኔ መስኮትና በዳገቱ መካከል ነው። እኔ ዳገቱ ላይ ነው ብዬ ጻፍኩልሽ። ተሳስቻለሁ።

«ኑ» ግን አላልኩሽም። ዳገቱ ላይ ውሃ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። እዚያ ቤት የምታከራይ አንዲት ሴት አለች፣ ተከራዮቿ «እመት ባልዲ» ይሏታል፤ ግቢዋ ውስጥ ከሰው ባልዲ ይበልጣል። በበጋ ደግሞ ነፋስ አለ፤ አቧራ ያነሳል ወይ ብዬ ስጠይቃት «እንደ ቀኑ ነው» አለችኝ። ይህ መልስ አይባልም። ደግሞም በመጋቢት የማንም ግድግዳ ደረቅ ነው። ቤት በክረምት ይታያል። ሐምሌን ይዘሽ፣ ልጅቷንም ይዘሽ ነይና እዚያ እደሪ። ያኔ ደረቷ ይመልስልሻል፤ እኔ ከአሁን በኋላ ለደረቷ አልመልስም።

ሰላምታዬ ይኸው፤ ለሁላችሁም።

አክስትሽ


ሚያዝያ 5

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደግ ዜና ከአፍዎ አይጥፋ። ስልኩ መጥቶ አብራኝ የምትሠራው ልጅ «አክስትሽ ‹እንዳይላክ› ብለዋል፤ ምኑ እንደሆነ አላወቅኩም፣ ግን ድምፁ ያስፈራል» አለችኝ። የደወለችው ሌላ ሴት ናት ብላት አላመነችም።

ደብዳቤው አልተላከም። ባለቤቴ «ቴምብር አጥቼ ነው» አለ። ፖስታ ቤቱ ከቢሮው ሥር ነው፤ ሲወጣም ሲገባም ደረጃው ላይ የሚያቋርጠው እሱን ነው። ለኮሌጁ እሺ ብሎ በሌላ ደብዳቤ ጽፏል፤ ለዚህኛው ቴምብር ተገኘ።

እሺ ያለው ግን ለራሱ ብቻ ነው። እኔና ፍንጭቷ እንከተለው ወይም እዚህ እንቅር፣ ሐምሌ ይወስናል። ካልሆነላት እሱ እዚያ፣ እኛ እዚህ ልንሆን ነው። ይህን ስናወራ እሱ የግድግዳውን ማዕዘን ያያል፣ እኔ ሰዓት አያለሁ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄዳ «አባቴ ሊሄድ ነው፣ እኔ ለመሄድ መተንፈስ አለብኝ» ብላለች። መምህሯ ጠርታ ጠየቀችኝ።

ስለ ውሃው እያሰብኩ ነው። ልጅቷ ስትታመም አንሶላ በየቀኑ ይታጠባል፤ በሳምንት አንድ ቀን ውሃ እንዴት ይሆናል? እዚህ ቧንቧው አይነጥፍም፤ አየሩ ነው የጠፋው።

ስለ ሳልዎ ጠይቄዎት ነበር። ይህም የአየር ጥያቄ ነው።

ቁንጥንጥዎ


ሰኔ 3

ለልጄ፣

ጤናና ትዕግሥት አብረው ይስጡሽ፤ ሁለተኛው ለአንቺ ይበልጣል።

ከእመት ባልዲ ግቢ ኋላ ያለውን ቤት ለሐምሌ ይዤላችኋለሁ። ሦስት ክፍል ነው፤ ደረጃ የለውም። ምንጣፍ ነበረበት፤ አስወጣሁት። «ለእንግዳ ነውር ነው» ብላ ተከራከረችኝ። «እንግዳዋ የምትረግጥ ሳትሆን የምትተነፍስ ናት» አልኳት። የልጅቷ ትራስ የላባ እንዳይሆን። መድኃኒቷን፣ ያንን የምትስበውን፣ ከምታስቢው በላይ ይዘሽ ነይ፤ እዚህ ያለው መድኃኒት ቤት በዕረፍት ጊዜ መደርደሪያው ባዶ ነው። ተማሪ ከሌለ የሚታመም ያለ አይመስላቸውም።

ውሃውን በተመለከተ፣ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ። ውሃ በጀሪካን ይሸከሙታል። ትንፋሽን ግን ለሰው ማን ይሸከምለታል? እኔ ሚዛኑ ወደየት እንዳደላ አይቻለሁ። አንቺ ግን መጥተሽ እይ፤ አንዴ ተሳስቼብሻለሁ።

ሳሌ የራሴ ነው።

አክስትሽ


ነሐሴ 4

ለተከበሩ አክስቴ፣

በሰላም ገብተናል፤ ላደረጉልን ሁሉ ሐምሌ ይመስክርልዎ።

እዚያ እያለን አውርተነዋል፣ ግን በአፍ ያልነው ሁሉ ዝናብ ላይ የተባለ ስለሆነ አሁን ደረቅ ቦታ ተቀምጬ ልጻፈው። ዝናቡ ያለማቋረጥ በጣለበት ሳምንት ፍንጭቷ ዳገቱ ላይ መድኃኒቷን የፈለገችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ከእመት ባልዲ ልጆች ጋር ባልዲ ይዛ ስትሮጥ ነው። ልጄ እንደ ሰው ልጅ ስትሮጥ ያየሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ልቆጣት ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ውሃው አስቸገረኝ፤ አልዋሽም። ፀጉሬን በአንድ ጆግ ታጠብኩ። ባለቤቴ ከጣሪያው ጋር በርሜል ሊገጥም ለክቶ ሄዷል፤ ሹካውም ተመልሷል።

ስለዚህ እንመጣለን። ይህን ጽፌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እንመጣለን።

አንድ ነገር አለ። እኔ ሥራ የምለቀው ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ተተኪ ሳያገኙ አይለቁኝም። ትምህርት ደግሞ መስከረም ይጀምራል። ባለቤቴና ልጅቷ ቀድመው ይገባሉ። እሱ ተማሪዎቹን ይዞ ሜዳ ሲውል፣ ልጅቷ እኩለ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት የሚጠብቃት ሰው ያስፈልጋል። የሕመሙን ምልክት የሚያውቅ፣ የማይደነግጥ ሰው። እኔ እስክመጣ ዳገቱ ላይ አብረዋት ቢሆኑልኝ? ሦስተኛው ክፍል ባዶ ነው። የስፌት መኪናዎንም ባለቤቴ ያወጣዋል።

ሌላ የምለው አለኝ፤ አሁን አልልም።

ቁንጥንጥዎ


ነሐሴ 18

ለልጄ፣

ሰላም ሁኚ። እንደምትመጡ መወሰናችሁ ደስ ብሎኛል። ይህን አንዴ ጽፌዋለሁ፤ አልደግመውም።

ሌላውን ግን አይቼብሻለሁ። ለልጅ ጠባቂ ከጠፋ እመት ባልዲ አለች፤ አራት ልጅ አሳድጋለች፣ ከግቢዋም አትወጣም። አንቺ የፈለግሽው እኔን ነው፣ እንደ ቁም ሣጥን በሁለት ሰው አስይዘሽ ልታስወጪኝ። ያልሽው «ሌላ የምለው» ምን እንደሆነም አውቃለሁ። ምሳ ልትበሉ እኔ ዘንድ የወረዳችሁ ቀን ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ ትንፋሿ ፉጨት ማሰማት እንደጀመረ አይቻለሁ። እጇን ይዤ ወደ ደጅ ያወጣኋት እኔ ነኝ። አንቺ ስትከተዪን ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቅ አድርገሽ ከኋላው ያለውን ስታዪ አይቼሻለሁ። ልትመልሺውም ረሳሽ። ከባድ ነው፤ ብቻዬን መለስኩት።

ያ ቤት ከነግድግዳው የእኔ ነው። ደንበኞቼ በሩን ያውቁታል። በሰው ቤት ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ገብቶ «ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ» እያሉ መኖር ያረጀ ሰው ሥራ ነው። እኔ ገና ጋውን እሰፋለሁ።

አክስትሽ


ነሐሴ 27

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይቆጡ እንጂ አይጨክኑ፤ ሰላምታዬ ይህ ነው።

አዎ፣ ግድግዳውን አይቻለሁ። ከቁም ሣጥኑ ኋላ እስከ አልጋዎ ራስጌ ጥቁር ነው። ጎረቤቶችዎም «ቀዘቀዘብን» ብለው የሄዱት ለዚሁ ነው። የእርስዎ ሳል ጉንፋን አይደለም፤ እርስዎም ያውቁታል። ጋውኖቹን በኮምጣጤ ይጠርጋሉ፤ ሳንባዎን በምን ይጠርጉታል?

ልጅቷን የሚጠብቅ ሰው እፈልጋለሁ ማለቴም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ነው። እመት ባልዲ ደግ ሴት ናት፤ ግን የልጅቷ ፊት ሲጠቁር መጮህ ነው የምትጀምረው። ሐምሌ ላይ አይተናታል። እርስዎ ግን ሳይጮኹ እጇን ይዘው አወጧት፤ ትንፋሿ እስኪመለስም ስለ ክር ዓይነቶች ነገሯት። እሷ እስከ ዛሬ ክር ትለያለች።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያስቡት። ፍንጭቷ እርስዎ ቤት መግባት አትችልም። በዓመት አንድ ቀንም ቢሆን አትችልም። እኛ ዳገቱ ላይ፣ እርስዎ ወንዙ ዳር ከሆኑ በአንድ ከተማ እየኖርን በደብዳቤ ልንገናኝ ነው። ለዚህ ከሆነ እዚሁ ብንቀር ምን ነበረበት?

ቁም ሣጥኑን ሳልመልስ በመውጣቴ ይቅርታ። አልረሳሁም፤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ልጅዎ


መስከረም 26

ለልጄ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከዳገቱ ነው። ሰላምታዬ ከነነፋሱ ይድረስሽ፤ ወረቀቱን በመቀስ አስይዤ ነው የምጽፈው።

የዘገየሁት ዕቃ ሳወጣ ነው። ቀያሹ መኪናዬን ከአንድ ተማሪው ጋር ተሸክሞ ሲያወጣ በየመታጠፊያው «ቀስ፣ ቀስ» እያለ እኔን ያዝዘኛል፤ ምንም ያልተሸከምኩ ሰው ምን ቀስ እላለሁ? ታችኛው በሬ ላይ «ጋውን ፈላጊ ዳገቱ ላይ፣ ባልዲ የበዛበት ግቢ» ብዬ ለጥፌያለሁ። ደንበኞቹ ሳይጠፉ መጡ። የጠፋ ካለም ወንዙ ዳር ጭጋግ ውስጥ የጠፋ ነው።

የዚህን ቤት ጉድለት ልንገርሽ፤ ማንም ካልነገረሽ እኔ ልንገርሽ። በሩ ታችኛው ጠርዝ ላይ ክፍተት አለው፤ በጨርቅ ደፈንኩት። ተማሪዎቹ ዓርብ ዓርብ ከማታ ጀምሮ ይዘፍናሉ፤ ዜማው ደህና ነው፣ ግጥሙን ግን አንድ ሰው ቢያርመው። ውሃው በተባለው ቀን አልመጣም፤ በማግሥቱ መጣ፤ በርሜሉ ሞልቶ ስለነበር አልተቸገርንም። ባልሽ ሩዝ ያሳርራል። «ሙከራ ነው» ይላል። ሙከራ በሚዛን ነው የሚሆነው፤ አሁን እኔ ነኝ የምቀቅለው።

ልጅቷ እኩለ ቀን ትመለሳለች። እጇን ታጥባ ትበላለች፣ ከዚያ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አንድ ጥያቄ በአንድ መስመር መጻፍ ለምዳለች፤ ተንበርክካ አይደለም፣ ያ ዘመን ቀርቷል። ሕመሙ አንድ ቀን ሊነሳባት ፈልጎ ነበር፤ ነፋሱ አቧራ ያመጣበት ቀን ነው። መድኃኒቷን ሰጠኋት፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ተቀመጥን። ሳይከፋባት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ነፋስ ያለ ቀን ደጅ አትወጣም፤ ይህን አንቺም ስትመጪ ትጠብቂያለሽ። እንቅልፏ ሙሉ ነው። አዳምጫለሁ።

ትናንት ምሳ ላይ ዓይኗን ተክላብኝ ቆየችና «እማማ፣ እዚህ ከመጡ ወዲህ ስንት ጊዜ ነው የሳሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቷ አስጠንታት ይሆናል ብዬ ገመትኩ። «ብይ» አልኳት። «መልስ አይባልም ይሄ» አለችኝ። ቀያሹ ሩዙ አንቆት ወደ ጓሮ ወጣ፤ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።

ጥቅምት ሲያልቅ ስትመጪ የመጋረጃ ጨርቅ ይዘሽ ነይ፤ እዚህ ያለው በአንድ ክረምት ቀለሙ ይለቃል። የሳሎኑንና የመኝታ ቤታችሁን መስኮት ቀያሹ ለክቶ ይልክልሻል። የእኔን ክፍል ራሴ ለክቼዋለሁ፤ ልኩ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ አለ። ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዓይኔን ትወጋኛለች። ወፍራሙን አምጪ፤ ርካሹን እንዳትገዢ፤ በየዓመቱ መጋረጃ የምቀይርበት ጉልበት የለኝም።

አክስትሽ